ኮከብ ለማየት ገደል አፋፍ አይሂዱ

የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን ከሰገነቴ ላይ ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) አይቼ አላውቅም። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ሰማዩ ላይ ደመና የመሰለ ነጭ መስመር አየሁ። እሱ ይሆን? ለገና እረፍት የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቼን ይዤ ኮከብ ልናይ አስበናል። ጓደኞቼ ጣርማ በር፣ ካልሆነም አንኮበር አፋፉ ላይ ውጡ ይሉኛል። መንገዱ እንዲታየን ጨረቃ የምትሞላበትን ሳምንት መርጫለሁ። ቴሌስኮፕም ልገዛ ነው። የት ብንሄድ ይሻላል?»

ከጨረቃዋ እንጀምር፤ ዕቅድዎን ከሥሩ የምታፈርሰው እሷ ናትና። ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት የትም ቢሄዱ ያው ነው። ሰው የማይኖርበት ሜዳ መሃል ቢቆሙ እንኳ የሚያዩት ሰማይ ከሰገነትዎ ከሚያዩት ብዙም አይለይም። ሰማዩን በሙሉ ታነጣዋለች፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ፍኖተ ሐሊብ ነው። ለመንገዱ ባትሪ ይያዙ፤ ቀኑን ግን ጨረቃ የሌለችበት ያድርጉት። ገና በፀሐይ አቆጣጠር ስለሚውል ጨረቃዋ በየዓመቱ ሌላ ቦታ ላይ ትገኛለች፤ ያምና ልምድ ለዘንድሮ አይሠራም። ከልጆች ጋር ለሚወጣ ሰው የምመርጠው፣ ጨረቃ ልትወለድ አምስት ቀን ሲቀራት ጀምሮ ከተወለደች በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ያለውን ጊዜ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካለ ቆጥሮ ይነግርዎታል፤ የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ቢመጣ ለዚህ ጉዳይ አይጎዳም። ቀኑ የግድ ካለፈብዎት ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ጨረቃ ከሞላች በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው። ከሞላች በአራተኛው ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ጨለማ ታገኛላችሁ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ያዩት ነጭ መስመር፣ ሳይንቀሳቀስ እዚያው ከቆየ፣ እሱ ነው። ሳያስቡት ጥሩ ሙከራ ሠርተዋል። ዓይንዎ ደህና ነው፤ ሰማዩም ደመና አልነበረበትም፤ ከፍታውም አልጎደለም። የከለከለዎት የራስዎ ከተማ ብርሃን ነው። ማብሪያው ሲጠፋ መጋረጃው ተገለጠ። እንዲያውም ያዩት ሙሉው አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ የፋብሪካና የሆቴል ጄኔሬተር ይነሳል፤ ግማሹ ከተማ በራሱ ኃይል መልሶ ያበራል።

አሁን ስለ ከፍታ። ብዙ ሰው «ተራራ ላይ ነን፣ ለሰማይ ቅርብ ነን» ብሎ ያስባል። ከፍታ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከራሳችሁ በላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። አየር ሲያንስ አቧራና እርጥበት ያንሳል፤ ኮከቡ ይጠራል። ጨለማን ግን ከፍታ አይሰጥም። የእንጦጦን ማየት ይበቃል፦ 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከሥሩ ግን አዲስ አበባ ናት። ለሌላ ትልቅ የምልከታ ጣቢያ ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች መጠናታቸው ያለ ነገር አይደለም። እዚያ ከፍታውም ጨለማውም አብረው አሉ።

ጨለማን የሚሰጠው ርቀት ነው። ደግነቱ ርቀት ከሚጠበቀው በላይ ይከፍላል። ከከተማ የሚወጣው የሰማይ ወጋገን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው የሚወርደው። ከደብረ ብርሃን 5 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ከሚቆም ሰው ይልቅ 10 ኪሎ ሜትር የወጣው በጣም ይጠቀማል፤ 20 የወጣው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው ያለው። አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ግዙፍ ስለሆነች በደቡብ ምዕራብ አድማስ ላይ ዝቅ ብላ እንደ ደብዛዛ ጉልላት ትታያለች። ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ግን አቅጣጫውን ይያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የከተማዎ ነገር ሌላም አለበት። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ነው ያለችው። ደመና በሌለበት የበጋ ማታ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ላዩ ላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። የማታ የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ከዚያ ክዳን ሥር ይታፈናል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ኋላ ቢመለከቱ ያ ሰማያዊ ጭስ ጣሪያው ላይ ተነጥፎ ያዩታል። ነጩ የኤልኢዲ መብራት ደግሞ እሱን ያበራዋል። ስለዚህ በከተማው ጫፍ ሜዳ ላይ መቆም አያዋጣም። ሃምሳ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ መውጣት እንኳ ለውጥ አለው።

የብርሃን ካርታ በስልክ ከፍተው ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት። እነዚያ ካርታዎች የሚሠሩት ከሳተላይት በተነሳ ምስል ነው። በብዛት የሚጠቀሙበት መሣሪያ የሰማያዊውን ብርሃን አያነብም፤ በነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ደግሞ እሱ ብዙ አለ። የሚያልፈውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ የምሽቱን መብራት አይደርስበትም። አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ የመንገድ መብራት፣ በካርታው ላይ ከእውነቱ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ካርታውን ለአቅጣጫ ይጠቀሙበት። ለውሳኔ ግን አንድ ምሽት ሄደው በዓይንዎ ይዩ።

ወደ ዋናው ልግባ። ጣርማ በርና የአንኮበር አፋፍ ለቀን የሚመረጡ ቦታዎች ናቸው። ቁልቁል አፋርን ማየት የሚያክል የለም። ለሌሊት ግን አልመክርም፤ ምክንያቱ ጉም ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። የወፍ ዋሻ ደን ለምልሞ የሚኖረው በዚህ ጉም ነው። ለዛፉ ሕይወት ነው፤ ለእኛ ግድግዳ። በበጋም አይቀርም፤ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ይዞ ይመጣል። አስቸጋሪው ደግሞ ሰዓቱ ነው፦ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይጀምርና የምሽቱን ዋና ሰዓት ይዞ ይቆያል።

አንድ ኅዳር አራት ሆነን አንኮበር አፋፉ ላይ ቴሌስኮፕ ተከልን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጉሙ ከታች ገንፍሎ መጣና እርስ በርስ መተያየት አቃተን። የቴሌስኮፑ መስታወት በውሃ ጠብታ ተሸፈነ፤ አንዱ ጓደኛዬ በጋቢው ጫፍ ሊጠርገው እጁን ሲዘረጋ የጮህኩበት ጩኸት ዛሬም ያሳፍረኛል። (መስታወቱን አይንኩት፤ በራሱ ይደርቃል። በጋቢ ከተጠረገ ግን ጭረቱ ለዘላለም ነው።) መኪና ውስጥ ገብተን ቆሎ ስንቆረጥም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆየን። ያኔ ጉሙ ዝቅ አለ፤ ከእግራችን ሥር እንደ ባሕር ተኛ። የቆላውን ከተሞች መብራት በሙሉ ሸፈነልን። ያን የመሰለ ሰማይ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ቢያጋጥመኝ ነው። ግን በስምንት ሰዓት ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ልጅ ይዞ ይህን መጠበቅ አይታሰብም።

ጣርማ በር ላይ ከጉሙ ሌላ የመኪናው ነገር አለ። የደሴ መንገድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ያልፋል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሲኖትራክ ከመንገዱ ዋሻ ወጥቶ ረጅሙን መብራት ሲለቅብዎት ያ ግማሽ ሰዓት ዜሮ ይሆናል። እንደገና ይጀምራሉ፤ ሌላው ይመጣል። በዚያ ላይ ጨለማ፣ ጉም፣ ገደልና ልጅ አንድ ላይ አይሄዱም። ይህን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ከአፋፉ ወደ ውስጥ ይመለሱ። ጉሙ አፋፉ ላይ ይከማቻል እንጂ በደጋው ሜዳ ላይ ገብቶ ብዙ አይራመድም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ብዙ ጊዜ በግድግዳና በጥርት ሰማይ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለመደበኛ ምሽት፣ ማለትም መንገዱ ሰላም ሲሆን ወጥቶ አይቶ ለመመለስ፣ የአንኮበርን መንገድ ይያዙና ከከተማው ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ሜዳ ላይ ይቁሙ። መንገዱ ጎረቤላ ደርሶ ቁልቁል ከመመልከቱ በፊት ማለቴ ነው። የዚህ ቦታ ጥቅም አቅጣጫው ነው። ደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምዕራብ ትቀራለች፤ ከጀርባዎ ትሆናለች። የአዲስ አበባ ወጋገን በደቡብ ምዕራብ ነው። ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ፣ ወደ አፋር ያለው ሰማይ፣ ጨለማ ነው። የእኛ ሰማይ ልዩ ሀብት ያለው ደቡብ ላይ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ገባ ይበሉ፤ ግን የሚያውቁት ሰው ግቢ ወይም ማሳ ላይ ይሁን። ዘመድ ከሌለዎት በቀን ሄደው ቡና ጠጥተው ይለማመዱ። በሰሜን ሸዋ ገጠር በጨለማ ሜዳ ላይ ቆሞ ሰማይ የሚያይ እንግዳ ሰው ሌባ ነው ወይም ሌላ ነገር ነው። ውሻ ይለቀቅብዎታል፤ የለቀቀውም ሰው አይፈረድበትም።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ እነዋሪና ወደ ጀማ ሸለቆ በኩል መሄድም ይቻላል። ከምሥራቁ ጉም ይርቃል፤ አየሩ ደረቅ ነው። አቅጣጫው ግን ትንሽ ያበላሸዋል፤ ደብረ ብርሃን በምሥራቅ በኩል፣ አዲስ አበባ በደቡብ በኩል ይሆናሉ። ምሥራቁ በጉም በተዘጋ ቀን አማራጭ ነው እንጂ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

ለገናው ጉዞ፣ ሁለት ሌሊት ማደር ከቻላችሁ፣ መንዝ ጓሳ ነው። ሌላ አልፈልግም። ከጣርማ በር ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሃል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያውን ትልቅ ከተማ የለም። አካባቢውን ሕዝቡ ራሱ በቀሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሜዳውን በጋራ እየዘጋና እየከፈተ በሚጠብቅበት ባህል፣ ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው የኖረ ስለሆነ ሜዳው ሜዳ እንደሆነ ቀርቷል። ማረፊያና የድንኳን ቦታ አለው፤ የሚቀበላችሁም የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ያለ ፈቃድ ገብቶ ድንኳን መትከል አይቻልም፤ አስቀድመው ያነጋግሩ። ጓሳም ምሥራቃዊ አፋፍ አለው። እዚያም ደንቡ ያው ነው፤ ጭላዳ ለማየት በቀን አፋፉ ላይ ይሂዱ፤ ማታ ወደ ውስጥ ይመለሱ። ልጆቹ ቀን ጭላዳ፣ ዕድለኛ ከሆኑ ቀይ ቀበሮ፣ ማታ ኮከብ ካዩ ለዓመት የሚያወሩት አገኙ።

ግን ለገና ምን እንደማታዩ አሁኑኑ ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ትከፋላችሁ። በፎቶ የሚታየው ያ ወፍራም፣ ደማቅ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ቦይ ያለው የፍኖተ ሐሊብ ክፍል ማዕከሉ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ራሷ በዚያ አቅጣጫ ስለምትቆም ከእሷ ጋር ገደማ ወጥቶ ከእሷ ጋር ገደማ ይጠልቃል። ማዕከሉ በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ያ ደግሞ ክረምታችን ነው። የአገራችን ኮከብ አፍቃሪ ሁሉ የሚያለቅስበት ነገር ይህ ነው። ማምለጫው ሁለት ነው። አንደኛው ጥቅምት፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ ማዕከሉ ገና ሳይጠልቅ ታገኙታላችሁ፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ የዓመቱ ጥሩው አየር ነው። ሁለተኛው ግንቦት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በበልጉና በክረምቱ መካከል ሰማዩ ከተገለጠ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሊነጋ ሲል ይታያል፤ ግን እናንተ አካባቢ የበልግ ደመና ስላለ ቁማር ነው።

ለገና የምታዩት ሌላ ነው፤ ከዚያ አያንስም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ሙሉ ጨለማ ይሆናል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ምሽቱ አይንዛዛም። ወደ ሰሜን ዞር ይበሉ። እጅዎን ዘርግተው ጡጫ ቢጨብጡ ያ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከአድማስ አንድ ጡጫ ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብ አለ፤ በአውሮፓ ያለ ሰው አንጋጦ ነው የሚያየው፤ እኛ ጋ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ከዚያ በላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ጥጥ የመሰለች ሞላላ ነጠብጣብ ትታያለች። አንድሮሜዳ ናት፤ እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያለች ሌላ ጋላክሲ (የከዋክብት ስብስብ)። ያለ ምንም መሣሪያ በባዶ ዓይን የምታዩት ይህ ብርሃን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትዞሩ ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን አሉ። ልጆቹ ሰባቱን ይቁጠሩ፤ ስድስት የሚል፣ ዘጠኝ የሚል ይመጣል፤ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስዎ ይቆዩ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ይመልከቱ። ከሁለት ጡጫ ተኩል ከፍታ ላይ በጣም ደማቅ ኮከብ አለ፤ ካኖፐስ ይባላል፤ ከሌሊት ኮከቦች በብሩህነት ሁለተኛው ነው። ከሱ ሥር ወደ ቀኝ፣ አድማስ ሊነካ አንድ ጡጫ ሲቀረው፣ የተቀደደ ደመና የሚመስል ነገር ይፈልጉ። ደመና አይደለም፤ ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው የጎረቤት ጋላክሲ ነው። አውሮፓ ያለ ወገናችን በአገሩ ሰማይ ይህን አያይም። እኛም ብንሆን የምናየው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ደቡብ በኩል መብራት ካለ ይጠፋል፤ ስለ አቅጣጫ ያን ያህል የተጨነቅኩት ለዚህ ነበር። በጥር መጨረሻ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ላይ የደቡብ መስቀል እዚያው ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቀኑን ማንቀሳቀስ ከቻላችሁና ጨረቃ ካልተገኘች፣ ታኅሣሥ 4 አካባቢ ያለው ሌሊት የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እየጨመሩ ይሄዳሉ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ትርዒት የለም፤ ጀርባን ምንጣፍ ላይ አሳርፎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቴሌስኮፕ አሁን አይግዙ። በጣም ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ርካሹ ቴሌስኮፕ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ኮከብ ሲፈልጉ አንገት ይሰበራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ቁምሳጥን ላይ ይወጣል። 7 በ50 ወይም 10 በ50 የተጻፈበት ባይኖኩላር ይግዙ። ሰባቱ ከዋክብት በሱ ሲታዩ ሃምሳ ይሆናሉ፤ አንድሮሜዳ ትሰፋለች፤ ጁፒተር ከወጣ ጨረቃዎቹን እንደ ነጥብ ታዩአቸዋላችሁ፤ ግን ክርንን ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። በማግስቱ ለጭላዳውም ያገለግላል። ዓመት ከሞላ በኋላ ልጆቹ አሁንም «እንሂድ» ካሉ ያኔ ስለ ቴሌስኮፕ እናውራ።

ለብርሃን፣ ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈው ባትሪው ፊት ላይ በላስቲክ ይሰሩት። ቀይ ብርሃን የዓይንን ልምድ ብዙም አይረብሽም። ስልክ ግን ይረብሻል፤ አንድ መልእክት ለማየት የተከፈተ ስክሪን የግማሽ ሰዓት ትዕግሥትን ያጠፋል። ከ13 ዓመቱ ልጅ ጋር ይህን መደራደር የእርስዎ ፋንታ ነው። ፎቶ ከፈለገ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ የሌሊት ሁነታ ላይ አድርጎ፣ በሰዓት ቆጣሪ ያንሳ፤ በእጅ አይያዘው።

ብርዱን እናንተን ማስተማር ደፋርነት ነው፤ ግን የደብረ ብርሃን ሰውም ይሳሳታል። ከቤት ወጥቶ ሱቅ መሄድና ሁለት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆም አንድ አይደለም። ጓሳ በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ድንኳኑ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጃኬት ብቻውን አይበቃም፤ የመንዝ ባና ወይም በርኖስ ካለ ዛሬ ነው ቀኑ። ከሥር የሚነጠፍ ይኑር፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይያዙ። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠለል የመጣ እንግዳ አብሯችሁ ካለ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሁለት ቀን ያሳርፉት፤ ከፍታው ራስ ያሳምማል፤ የሌሊት እይታንም ያዳክማል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። ስለዚህ ሰማይ ከማየትዎ በፊት መንገዱን ይጠይቁ። የሚጠየቀው ፌስቡክ ሳይሆን በዚያው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌርና ማረፊያው ላይ ያለ ሰው ነው። በቀን ይድረሱ፤ በዚያው ይደሩ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይንዱ። የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ካለ ያክብሩ። የምታድሩበትን ቀበሌ ያሳውቁ፤ በሌሊት ምን እንደምታደርጉም ይንገሯቸው። አረንጓዴ ሌዘርና ድሮን ቤት ይቅሩ፤ በዚህ ጊዜ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሌላ ነገር ይመስላሉ። ባይኖኩላር እንኳ ቢሆን ሰው ሲመጣ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሰላምታ መስጠት ይሻላል።

የጓሳ መንገድ አይሆንም ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ወደ አንኮበር መንገዱ ሜዳ መልሱት። ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት በቀን ገብታችሁ እዚያው እደሩ። አምፖላቸውን ለሁለት ሰዓት እንዲያጠፉላችሁ ለምኑና እነሱንም ጥሩ፤ ባይኖኩላሩን መጀመሪያ ለቤቱ ባለቤት ይስጡ። ያም ካልሆነ ጥቅምት እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ማዕከሉ ያኔ ደቡብ ምዕራብ ላይ አለ።